ስለ ርካሽ ጠመንጃና ስለ ርካሽ ምስክርነት

ገበያ ወጥቶ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ይመለከታል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ጥቂትም ያስረግጣታል። ሻጩ ስለ በቅሎዋ የሚናገረውን ምስጋና ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ሻጭ ዕቃውን ቢያመሰግን የሚያስደንቅ አይደለምና። ገዢው ከልቡ የሚያምነው ከዚያው ነጋዴ ቀደም ብሎ በቅሎ የገዛውን ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቴ ከዚህ ነገር የሚያገኘው ትርፍ የለምና እውነቱን ይነግረኛል ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ ትክክል ይመስላል፤ ለእኔም ብዙ ዘመን ትክክል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የገዢ ምስክርነት ከሻጭ ምስክርነት ይልቅ የሚያሳስትበት ጊዜ እንዳለ ተረድቼአለሁና፣ የተረዳሁበትን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ምስክርነቱን የምመረምረው በአንድ ዕቃ ላይ ነው። ይኸውም በአሜሪካ አገር ብዙ ሰው የሚገዛው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ዋጋው የረከሰና አፈ ሙዙ ያጠረ ረሽ ጠመንጃ ነው። እዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም ሌሊት ሱቅ የሚጠብቁና ቤታቸው በሌባ የተሰበረባቸው አንዳንዶች ይገዙታል። አንባቢዬ ሆይ፤ «እኔ ጠመንጃ የለኝም፤ ልገዛም አላስብም» ብለህ ገጹን አትለፍ። ስለ ጫማ በችኮላ የተሰጠ ምስክርነት እግር ያቆስል ይሆናል፤ ስለ ጠመንጃ በችኮላ የተሰጠ ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ የምስክርነት ክብደቱ ጎልቶ የሚታየው በጠመንጃ ላይ ነው። ነገሩ የሚመለከተው አሜሪካን ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ልናገር። ረሽ እንደ ምንሽርና እንደ ውጅግራ አንዲት እርሳስ ብቻ አይተፋም፤ በአንድ ተኩስ ብዙ ድቡልቡል እርሳሶች ይበትናል። ከሁሉ ይልቅ የሚገዛው 12 ቁጥር የሚባለው ነው። ቁጥሩም የመጣው ከአሮጌ መለኪያ ነው፤ በአፈ ሙዙ ስፋት ልክ የተድቦለቦሉ 12 የእርሳስ ኳሶች በአንድ ላይ አንድ ፓውንድ፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያነሰ ይመዝናሉ። ለቤት መጠበቂያ የሚመረጠው ጥይት አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 9 እርሳሶች ይይዛል፤ የእያንዳንዱም ውፍረት 8 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለወፍ አደን የሚሠራው ረሽ አፈ ሙዙ 26 ወይም 28 ኢንች ሲረዝም፣ ለቤት ተብሎ የሚሸጠው ግን ከ18 ኢንች ጥቂት ብቻ ይበልጣል። 18 ኢንች ማለት በእኛ ልማድ አንድ ክንድ ያህል ነው።

ይህም ልክ እንዲሁ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ አፈ ሙዙ ከ18 ኢንች ያነሰ ረሽ የያዘ ሰው ጠመንጃውን በመንግሥት መዝገብ እንዲያስመዘግብና ሲሠራም ሆነ ሲተላለፍ 200 ዶላር ግብር እንዲከፈልበት አዘዘ። በዚያ ዘመን 200 ዶላር ከጠመንጃው ዋጋ እጅግ ይበልጥ ነበር። በ2025 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ግብሩ ከጃንዩዌሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ ወርዷል፤ የማስመዝገቡ ግዴታ ግን አልቀረም። እንግዲህ ፋብሪካዎቹ ጠመንጃቸውን ከሕጉ ወሰን ግማሽ ኢንች ያህል አስረዝመው ይሠሩታል፤ ገዢውም ያለ ልዩ መዝገብ «አጭር ረሽ አለኝ» ለማለት ይችላል።

የሚመጣውም ከብዙ አገር ቢሆን በርካሽነቱ የታወቀው የቻይናና የቱርክ ሥራ ነው። አሜሪካ በ1994 ዓ.ም. የቻይና መሣሪያ እንዳይገባ ስትከለክል ለስፖርት የሚሆኑትን ረሾች ከክልከላው ውጭ አድርጋቸዋለች። ስለዚህ ሬሚንግተን በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያወጣውን 870 የተባለውን ስመ ጥር ረሽ የሚመስሉ የቻይና ጠመንጃዎች በረከሰ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። በቱርክ ደግሞ በኮንያ አውራጃ በቤይሼሂር አጠገብ ያሉት ሁሉና ኡዙምሉ የሚባሉ ትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎቻቸው በጠመንጃ ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው፤ የሁሉ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1962 ዓ.ም. ነው። ከስመ ጥሮቹ ፋብሪካዎች ጠመንጃ አንዳንዱ ከሺሕ ዶላር በላይ በሚያወጣበት ገበያ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ በ200 ወይም በ300 ዶላር ይገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከውጭ የሚገባ ጠመንጃ ለስፖርት የሚስማማ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ጠመንጃው ወደብ ላይ ሲደርስ የወፍ አዳኝ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሲሰቀል ግን የሌባ መከላከያ ይሆናል። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ምስክርነት ተሰጠ ማለት ነው።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በአሜሪካ የሸማቾችን ዕቃ ደኅንነት የሚጠብቅ ኮሚሽን በ1972 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሟል። ይህ ኮሚሽን እሳት የሚያስነሣ የእንጀራ መጥበሻ ወይም የሕፃን ጣት የሚቆርጥ አሻንጉሊት ሲያገኝ ከገበያ እንዲሰበሰብ ያደርጋል። ሕጉ ግን ጠመንጃን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጎበታል። የአሻንጉሊት ሽጉጥን ሊመረምር ይችላል፤ እውነተኛውን ግን አይችልም። እንግዲህ ጉድለት ያለበት ጠመንጃ ሲሸጥ፣ ፋብሪካው ራሱ ካልተናገረ ወይም ነገሩ ፍርድ ቤት ካልደረሰ፣ ለሚቀጥለው ገዢ «ተጠንቀቅ» የሚለው ቀድሞ የገዛው ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ሸክም የተጫነበት ምስክር ምን እንደሚናገር መመርመር ተገቢ ነው።

እኔ ከነዚህ ጠመንጃዎች አንዱን ገዝቼ ስለ ነበር፣ በተኩስ መለማመጃ ስፍራም፣ በጠመንጃ ሱቅም፣ በወገኖቻችን ቡና ላይም የብዙ ባለቤቶችን አስተያየት ሰምቼአለሁ። ነገሩን በየመልኩ ብለየው አምስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት።

የመጀመሪያው የመጀመሪያ ቀን ምስክርነት ነው። ሰውዬው ጠመንጃውን ቅዳሜ ይገዛል፤ እሑድ አንድ ካርቶን፣ ማለት 25 የወፍ ጥይት ይተኩሳል፤ ሰኞ «አንድም ጊዜ አላስቸገረኝም» ብሎ ይመሰክራል። አልዋሸም፤ የተናገረው ሁሉ የሆነ ነገር ነው። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚያስረዳ በሒሳብ እንየው። አንድ ጠመንጃ ከ50 ተኩስ አንዱን የሚያከሽፍ ቢሆን መጥፎ ጠመንጃ ነው። ይህ መጥፎ ጠመንጃ 25 ጊዜ ቢተኮስበት ግን፣ ከአሥር ፈተና በስድስቱ ያህል አንዲት ሳያከሽፍ ያልፋል። እንግዲህ የአንድ ካርቶን ምስክርነት መጥፎውን ከደኅናው አይለይም። ደግሞም ሰውዬው የሞከረው በርካሹ የወፍ ጥይት ነው፤ ለቤት የሚያጎርሰው ከባዱ ጥይት ብዙ ጊዜ አምስት አምስት ሆኖ ታሽጎ በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ ለሙከራ አያባክነውም። ስለዚህ የመሰከረው በአንዱ ጥይት፣ የሚተማመነው በሌላው ጥይት ነው።

ሁለተኛው ዋጋን የሚያጸድቅ ምስክርነት ነው። «ለዚህ ዋጋ ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው ቃል መለያው ነው። ብረቱ ሸካራ ነው ሲሉት «ለዚህ ዋጋ!» ይላል። እየተጎተተ የሚያጎርሰው እጀታ ይይዛል ሲሉት «ሲለመድ ይለሰልሳል» ይላል። በራሱ የሚያጎርሰው ዓይነት አንዳንድ ጥይት አይተፋም ሲሉት «መጀመሪያ መቶ ከባድ ጥይት ቢተኮስበት ይስተካከላል» ይላል። ከነዚህ መልሶች ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ ሻካራ ብረት በሥራ ብዛት ይለሰልሳል። ነገር ግን መቶ ከባድ ጥይት በስንት ብር ይገዛል? ያንን ዋጋ ከጠመንጃው ዋጋ ጋር ደምሮ የሚናገር ምስክር እምብዛም አላጋጠመኝም። የረከሰ ዕቃ የገዛ ሰው ብልህ መባል ይፈልጋል፤ ዕቃው ጉድለት አለበት ብሎ መመስከር ደግሞ ብልህነቱን መካድ ይመስለዋል። ጎረቤት ከምስክርነቱ የሚያገኘው ትርፍ የለም ያልነው እዚህ ላይ ስሕተት ሆኖ ይገኛል። ትርፉ ገንዘብ ባይሆንም ክብር ነው፤ ሰው ለክብሩ ሲል ደግሞ ለገንዘብ ከሚዋሸው ይልቅ ይዋሻል።

ሦስተኛው የፉከራ ምስክርነት ነው። «በአጭር ረሽ ማነጣጠር አያስፈልግም፤ ወደ በሩ አዙረህ ቃታውን መሳብ ነው» ይላሉ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። እርሳሶቹ ከአፈ ሙዙ እንደ ወጡ ወዲያው አይበተኑም፤ በተለመደው ግምት የሚሰፉት በእያንዳንዱ ያርድ፣ ማለት አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ኢንች ያህል ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ርዝመት ውስጥ ጠቅላላ ስፋታቸው ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ያላነጣጠረ ሰው ይስታል፤ የሳተውም እርሳስ የአሜሪካን ቤት የጀሶ ግድግዳ አንዱን አልፎ ሌላውን ይበሳል። «ሲቀባበል ድምፁን የሰማ ሌባ ይሸሻል» የሚሉም አሉ። ይህ ግን የሌባውን ልብ መመስከር እንጂ ጠመንጃውን መመስከር አይደለም፤ ያን ልብ ደግሞ ማንም ከሱቅ አልገዛውም።

አራተኛው የንቀት ምስክርነት ነው። ይህ የሚመጣው ውድ ጠመንጃ ካለው ሰው ነው። «ርካሽ ነውና ብረት አይባልም፤ አጭር ነውና ኃይል የለውም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ይዞት አያውቅም። አፈ ሙዙ በማጠሩ እርሳሱ ከፍጥነቱ የሚያጣው ጥቂት ብቻ ነው፤ የአጭሩ እውነተኛ ጉድለት ጩኸቱና ነበልባሉ ከረጅሙ መባሱ፣ ክብደቱም በቀለለ መጠን ትከሻን አጥብቆ መምታቱ ነው። ርካሽነቱም ቢሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከርካሾቹ መካከል ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አለ፤ ከውዶቹም መካከል የሚከሽፍ አለ። ሳያዩ የሚያመሰግኑና ሳያዩ የሚነቅፉ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ነገር ግን የሚነቅፈው ጠቢብ ስለሚመስል ይበልጥ ይታመናል።

አምስተኛው የዝምታ ምስክርነት ነው። በሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሰደፉ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ማንገቻው ብዙ ተነግሯል። ጠመንጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ጎርሶ ይሁን ባዶ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ልቡ ያዘነ ሰው መኖሩን ግን የተናገረ እምብዛም የለም። በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት በጠመንጃ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን የገደሉ ናቸው። ሌባ ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል፤ ጠመንጃው ግን ከቤተ ሰቡ ጋር በየሌሊቱ አብሮ ያድራል። ይህን የሚያህል ነገር የጎደለበት ምስክርነት፣ ስለ በቅሎዋ ልጓም ብዙ ተናግሮ ረጋጭ መሆኗን የደበቀ ምስክርነት ነው።

ምስክር በጎደለበት ስፍራ ፍርድም እንደሚጎድል የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ ልጨምር፤ ታሪኩም ስለዚሁ አጭር ረሽ ነው። በ1938 ዓ.ም. ጃክ ሚለርና ፍራንክ ሌይተን የተባሉ ሁለት ሰዎች አፈ ሙዙ ከ18 ኢንች ያነሰ ያልተመዘገበ ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ረሽ ይዘው ኦክላሆማ ውስጥ ካለችው ከክሌርሞር ወደ አርካንሳስ ሳይሎም ስፕሪንግስ ሲሄዱ ተይዘው ተከሰሱ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ ቀን ስለ ተከሳሾቹ የቆመ ጠበቃ አልነበረም፤ ጽሑፍም አልቀረበላቸውም። ሚለርም ፍርዱ ሳይነገር በተኩስ ተገደለ። በሜይ 1939 ዓ.ም. ዳኛው ማክሬይኖልድስ ውሳኔውን ሲያነቡ፣ እንዲህ ያለው ጠመንጃ ለሕዝብ ጦር ሥራ እንደሚጠቅም የሚያስረዳ ምንም ማስረጃ ስላልቀረበ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል ለማለት አይቻልም ሲሉ ፈረዱ። ከዚያ 21 ዓመት ቀደም ብሎ ግን የአሜሪካ ወታደሮች በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ አፈ ሙዙ 20 ኢንች ብቻ የሆነውን የዊንቸስተር ረሽ ይዘው ተዋግተው ነበር፤ ጀርመን እንኳ በ1918 ዓ.ም. በመሣሪያው ጭካኔ ላይ ለአሜሪካ መንግሥት አቤቱታ አቅርባለች። እኔ ፍርዱ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም አልልም። የምለው፣ መናገር የሚችል ሰው ሳይናገር ስለ ቀረ አንድ ታላቅ ፍርድ ቤት ግማሹን ነገር ብቻ ሰምቶ ፈረደ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ሌላውን ሁሉ ነቅፌ ራሴን ብዘል ይህ ጽሑፍ ከፉከራው ምስክርነት አይሻልምና።

እኔ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ሌሊት ሱቅ እጠብቅ በነበረበት ዘመን አጭር ርካሽ ረሽ ገዛሁ። 20 የወፍ ጥይት ተኮስሁበት፤ አልከሸፈብኝም። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በየቡናው ላይ የጠመንጃ ዐዋቂ ሆንሁ። በዚያ ወራት ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ይዞ በአንድ ጠባብ ቤት የሚኖር ያገሬ ልጅ ጎረቤቱ በሌባ ተሰብሮ ስለ ነበር ሊያማክረኝ መጣ።

«ጋሼ፤ ያ የገዙት ጠመንጃ እንዴት ነው?» አለኝ።

«እንደ ዓለት ነው፤ ሳታመነታ ግዛ» አልሁት።

«እንዴትስ ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ባዶ ጠመንጃ ዱላ ነው። አጉርሰህ፣ መቆለፊያውን ዘግተህ፣ ከቁም ሣጥንህ ውስጥ አቁመው» አልሁት።

ይህን ስናገር ሦስት ነገር አላውቅም ነበር፤ አለማወቄንም አላውቅም ነበር። የብዙዎቹ ረሾች መቆለፊያ የሚይዘው ቃታውን ብቻ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ውስጥ ያለው መቺ ብረት ጠመንጃው ወድቆ በብርቱ ሲነቀነቅ ከያዘው ጥርስ ሊያመልጥ ይችላል። ይህ ጠባይ በርካሹ ብቻ ሳይሆን በውዱም እንዳለ አላውቅም ነበር። ከጠመንጃው ጋር በመጣችው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ አጉርሳችሁ አታስቀምጡ ተብሎ መጻፉንም አላውቅም ነበር፤ መጽሐፏን ሳልገልጣት ከካርቶኑ ጋር ጥያት ነበርና።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሌሊት ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ነበር፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብስ ለማውጣት ቁም ሣጥኑን ሲከፍት ጠመንጃው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀና ተኮሰ። እርሳሶቹ ግድግዳውን በስተው ወዲያ ማዶ ልጁ በተኛችበት ክፍል ገቡ። ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግድግዳው ተበሳስቶ ተገኘ። ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ከማልቀስ በቀር ምንም አልሆነችም።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የተናገረኝ ይህችን ብቻ ነው፤ «ጋሼ፤ እንደ ነገሩኝ ነው ያስቀመጥሁት።»

በዚያ ሌሊት ስለ ጠመንጃው ፋብሪካ ክፉ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ቆም ብዬ ሳስበው ፋብሪካው እውነቱን በመጽሐፉ ጽፎታል፤ ሻጩም እንዲህ አድርግ አላለውም። በዚህ ነገር ውስጥ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የመሰከረው እኔ ብቻ ነኝ። ሰውዬው ደግሞ የእኔን ቃል ከመጽሐፉም ከሻጩም አብልጦ ያመነው ትርፍ የሌለኝ ጎረቤት ስለ ሆንሁ ነው። ትርፌ ግን በየቡናው ላይ ዐዋቂ መባል ነበር።

በማግስቱ ይህን ምክር የሰጠኋቸውን ሰዎች አንድ ባንድ መፈለግ ጀመርሁ። አራት ነበሩ። አንደኛው አመስግኖኝ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ቆለፈበት። ሁለተኛው ሣቀብኝ። ሦስተኛው ከተማ ለቆ ሄዷል አሉኝ። አራተኛው ደግሞ «ያንን ያሉኝን እኮ እኔም ለአምስት ሰዎች ነግሬአቸዋለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ምስክርነትም እንደ ረሽ ከአፍ ከወጣ በኋላ እየተበተነ እንደሚሄድና ተከትለው ሊለቅሙት እንደማይቻል ገባኝ።

እንግዲህ ደኅና የባለቤት አስተያየት ምን ዓይነት ነው ብለህ ብትጠይቀኝ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ እንዲህ ያለው ነው እልሃለሁ። አንድ ሰው ለምሳሌ እንዲህ ቢል፤ «ይህን ጠመንጃ ገዝቼ ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ። 400 ጥይት ተኩሼበታለሁ፤ ከነዚህም 60ዎቹ ለቤት የሚሆነው ከባዱ ጥይት ነበሩ። ስድስት ጊዜ ቀለሁ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ስድስቱም ጊዜ የተኮስሁት ቀለሁ ርካሽ ብረት የሆነውን ጥይት ነው። ለጥይት ያወጣሁት ገንዘብ ከጠመንጃው ዋጋ ይበልጣል። አንድ ቁራጭ ብረት ተሰብሮብኝ መለወጫ እስካገኝ ብዙ ጊዜ ጠብቄአለሁ። ወድቆ ይተኩስ እንደ ሆነ አልሞከርሁም፤ ስለዚህ ባዶውን ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ። በቤቴ ሁለት ልጆች አሉ። ሌሎቹን ፋብሪካዎች ስለማላውቅ ከእነርሱ ጋር አላነጻጽረውም።» እንዲህ ያለ ምስክር ምን ያህል እንደ ሞከረ፣ በምን እንደ ሞከረ፣ የትኛውን እንዳልሞከረ ለይቶ ነግሮሃል። አያስደስትም፤ አያስቅም፤ ፉከራም የለበትም። ነገር ግን ልጅህን በሱ ቃል ልታስተኛ ትችላለህ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «ድኻ ሰው ምን ያድርግ? ውዱን መግዛት አይችልም፤ ርካሹን ከነቀፋችሁበት ባዶ እጁን ሊቀር ነው» የሚል አለ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ እኔም ድኻ ሆኜ የገዛሁ ነኝና በርካሽ ዕቃ አልሣቅም። ነገር ግን እውነተኛ ምስክርነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለድኻ ነው። ባለጠጋ የገዛው ቢበላሽበት ሌላ ይገዛል። ድኻ የሚገዛው አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ስለዚያ አንድ ዕቃ የተነገረው ሐሰት ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው፣ በሐሰት ምስክርነት የተገዛ ጠመንጃም ከሌባ ላያስጥል ይችላል፤ ከዚያም አልፎ ራሱ ጅብ ይሆናል።

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ ስለ ገዛችሁት ዕቃ፣ ስለ ተማራችሁበት መምህር፣ ስለ አነበባችሁት መጽሐፍ፣ ስለ ሠራችሁበት መሥሪያ ቤት በየቀኑ አስተያየት ትጠየቃላችሁ። የሚጠይቃችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ የሚያወራ ይመስላችኋል፤ ለካ ግን በቃላችሁ ላይ ቤቱን ሊሠራ ነው። ስለዚህ ከመመስከራችሁ በፊት ምን ያህል እንደ ሞከራችሁ ቁጠሩ፤ የቈጠራችሁትንም ንገሩ። ያልሞከራችሁትን «አልሞከርሁም» በሉ። ይህች ቃል ከሰው ፊት ጥቂት ታሳፍር ይሆናል። እኔ ያን ቀን ብናገራት ኖሮ ያ ሰው መጽሐፏን ራሱ ይገልጣት ነበር።

ልጅቱ ዛሬ አድጋለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታለች። ባየችኝ ቁጥር «ጋሼ» ብላ ስትስመኝ አባቷ ያን ሌሊት ያላትን እንዳልነገራት ዐውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ ታነበው እንደ ሆነ ግን ከእኔ አፍ ትስማው ብዬ ጽፌዋለሁ።